ለፊልትሮ የተቀመጠ ቅባት

ሮክሳን ነጩን የማርጋሪን ዕቃ ከፍታ ዳቦዋን ልትቀባ ስትል የእጮኛዋ አባት ኦቪላ ጀርባውን ሰጥቷት በወጥ ቤቱ መስኮት ደጅ የቆመውን ፒካፑን ይመለከት ነበር። ዝም ብሎ መብላት እንዳያስነውር ብላ፣ ካመነታች በኋላ፣ “ይሄን ቅባት በየቀኑ ነው የምትጠቀሙት?” ብላ ጠየቀችው። ኦቪላ ዞር አላለም። “ምን በየቀኑ፣ በዓመት አንዴ ነው እንጂ። ክረምቱ ሊገባ ሲል።” ሮክሳን ቢላዋዋን አቆመች። በዓመት አንዴ የሚወጣ ነገር ሳይፈቀድላት መክፈቷ አሳፈራት። “ታዲያ ትንሽ ብቻ ልቀባ?” አለች። “እንዳትሳሳቺ። ስስ አድርገሽ ከቀባሽው ባትቀቢው ይሻላል። ወፍራም፣ ጥግ ጥጉ ድረስ። የተረፈ ቦታ ካለ ዋጋ የለውም።” ትናንት በእራት ላይ ስለ መኪናው የነዳጅ ፊልትሮና ስለሚቀባው ቅባት አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድቷት ስለነበር፣ ልጅቷ ትምህርቷን መቀጠሏ ደስ አሰኝቶታል። ሮክሳን በበኩሏ ያንን ሁሉ ሰምታ ነበር፤ የመኪና ቅባት ግን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእንቁላሉና ከቅቤው መካከል ይቀመጣል ብሎ ማንም አልነገራትም።

ወፍራም አድርጋ፣ ጥግ ጥጉ ድረስ ቀባችና ነከሰች። ጣዕሙ ዝናብ የመታው የሱፍ ካፖርት ነበር። በዚህ አገር ሰው የስጋ ጭማቂና ስብ አርግቶ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ላይ እንደሚቀባ፣ በዚህም እንደሚኮራ ታውቃለች፤ የዚህ ቤት አሠራር እንዲህ ይሆናል ብላ ዋጠችው። እጮኛዋ ፍሬድ በስልክ ሦስት ነገር ብቻ ነበር የነገራት፦ አባቴ የሰጠሽን ብዪ፣ እናቴን አግዢ፣ ከእህቴ ከናዲን ጋር አትከራከሪ። እሱ ራሱ የሚሠራበት የብረት ማዕድን ሰሜን ነው፤ ጭጋግ አውሮፕላኑን ስላስቀረበት፣ ሮክሳን ከሞንትሪያል ሰባት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዛ አይታቸው የማታውቀው ቤተሰብ ዘንድ ለብቻዋ ደርሳለች። ዕቃው ውስጥ የነበረው ሁለት ማንኪያ ያህል ነው፤ ማስተረፉ ንቀት እንዳይመስል ጠርጋ በላችው። ከዚያ ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው።

በዚያ ቤት ሁሉም ነገር የሚቀመጠው በማርጋሪን ዕቃ ነው። ምስማሩ፣ ቁልፉ፣ ያለፈው ሳምንት ሾርባ፣ የሟች አክስት መነጽር። በመሆኑም ኦቪላ ከመስኮቱ ተመልሶ ፍሪጁን ሲከፍት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ነጭ ዕቃ አንስቶ ክዳኑን ሲያነሳና ፊቱ ሲበራ፣ ሮክሳን እሱም ቁርሱን ሊበላ ነው ብላ አሰበች። “ሁለት ማንኪያ ነው የቀረኝ ብዬ ስጨነቅ ነበር” አለ። “ለካስ ሞልቷል። አንቺ ልጅ፣ ጫማ አድርጊና ነይ፤ ባትሪ የሚያበራልኝ ሰው እፈልጋለሁ።” ዕቃውን በብብቱ ይዞ ወጣ። ቢያሸተው ኖሮ ያውቅ ነበር፤ ግን አርባ ዓመት አሉሚኒየም ማቅለጫ ውስጥ ሠርቶ አፍንጫው ጡረታ የወጣው ከእሱ በፊት ነው።

መንገዱ ላይ ያሉት መኪኖች በሙሉ ከሥራቸው ካርቶን ተነጥፎላቸው ዘይት ያንጠባጥባሉ። ሳምንቱ፣ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን እንዳይበላው፣ የመኪና ሆድ በዘይት የሚረጭበት ሳምንት ነው፤ ሰዉ ጋራዥ ወረፋ ይዞ መቶ አርባ ዶላር ከፍሎ ያስረጫል፣ ከዚያም ዘይቱን አቧራ እንዲይዘው ብሎ ከከተማ ውጭ ያለውን የኮረት መንገድ አንዴ ይመላለስበታል። ኦቪላም ሌላውን አካል ያስረጫል፤ ፊልትሮውን ግን ለማንም አይሰጥም። ጋራዦቹ መርጨት እንጂ መቀባት አያውቁም ይላል። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ሮክሳንም ትንሽ ቆማ ካሰበች በኋላ ካፖርቷን ሰብስባ በሌላኛው ወገን ገባች። ከሹፌሩ ወንበር በታች፣ ሻንሲው ላይ በብረት ማሰሪያ የታሰረ፣ የቢራ ጣሳ የሚያህል ነገር አለ። ዙሪያው ያለው ብረት ሁሉ ቡናማ ሆኖ ተላልጧል፤ እሱ ብቻ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ኦቪላ አሮጌውን ቅባት በጨርቅ ጠርጎ፣ የማሰሪያውን ብሎን በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ፣ ቱቦዎቹ የሚገቡበትን አፍ በሁለት ጣቱ ያሻሸው ጀመር። “አሥራ አንድ ዓመት” አለ። “የጎረቤቴ በሦስት ዓመት በስብሶ ቤንዚኑን መንገድ ላይ ደፋው። ጨው ከባለቤቱ ስንፍና ጋር ነው የሚሠራው።”

እዚያው ተኝቶ፣ ወደ ላይ እያየ፣ ጉዳዩን ነገራት። ባለፈው ክረምት ፒካፑ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሞበታል፤ አንዴ ድልድዩ መሃል፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ዲግሪ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ መጥታ የወሰደችው ትልቋ ልጁ ናዲን ናት። ናዲን ነርስ ናት፤ ስትናገር ሰው እጅጌውን ይሰበስባል። ሦስተኛ ጊዜ ከቆመ ቁልፉን ትቀበለዋለች፣ ፒካፑም ይሸጣል፤ ኦቪላ በእናቷ በሁጌት ፊት ቃል ገብቷል። መኪናው ከሌለ ደግሞ በጥር ባሕረ ሰላጤው ወደ በረዶ ሲለወጥ በላዩ የሚተከለውን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆውን የሚጎትትለት የለም። “ቤት ቁጭ ብዬ ከሁጌት ጋር ቴሌቪዥን ልይ?” አለ። ይህን ሲል ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ ዕቃውን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣ “እስቲ በዚያ በኩል ያለውን ጠርዝ አንቺ ቀቢው፣ ጣትሽ ቀጭን ነው” አላት።

ሮክሳን ጣቷን ስትነክር ቅባቱ የጠዋቱን እንደማይመስል አየች። የጠዋቱ ቢጫና ሙጫ ነበር፤ ይሄ ነጭ ነው፣ የተጠበሰ አሳማም ይሸታል። ኦቪላ ለመጠቅለያ ያመጣውን የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ለማንሳት ፊቱን ሲያዞር ጣቷን ላሰች። ጨው ነበር። ዓይን የሚያስጨፍን ጨው። ሁለቱንም ነገር በአንድ ጊዜ ተረዳች፦ የፊልትሮውን ቅባት እሷ በልታዋለች፤ ኦቪላ ደግሞ ፊልትሮውን ከጨው ለማዳን የሚስቱን ጨው የገባበት የአሳማ ስብ እየቀባው ነው። አፏን ከፈተች። “ዝም ብሎ የሚያበራ ሰው ደስ ይለኛል” አለ ኦቪላ። “ፍሬድ ሲያበራ ያወራል፣ ሲያወራ እጁ ይወዛወዛል።” አፏን ዘጋች። እሱም ከመነዳሪውን ፊልትሮው ላይ ጠቅልሎ በሽቦ አሠረ።

ወጥ ቤት ሲመለሱ ሁጌት ስቡን ፍለጋ ፍሪጁን በርብራዋለች። በዚያ ቀን የኦቪላ ታላቅ እህት ዤርሜን ሰማንያ ዓመት ይሞላታል፣ ሁጌትም የባቄላ ሾርባ ይዛ መሄድ አለባት፤ ሾርባው ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት ደግሞ በዚያ ስብ ካልተጠበሰ ሾርባ አይደለም። ታጥቦ የተደፋውን ዕቃ አየች፣ ቀጥሎ ሮክሳንን አየች። “ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውን በላሽው?” ሮክሳን እውነቱን ብቻ ነው የመለሰችው። “አዎ፣ ይቅርታ።” “ሁሉንም?” “በዳቦ።” ሁጌት ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ግማሽ ኪሎ ነበር” አለች በዝግታ። ሮክሳን ልታስረዳ ነበር፤ ኦቪላ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያራግፋል፣ በዓመታት ውስጥ እንደዛሬ ልቡ ያረፈበት ቀን የለም። ሁጌት ተነስታ ግንባሯን ሳመቻት። “ፍሬድ ከአንቺ በፊት ያመጣት ልጅ ሰላጣ ብቻ የምትበላ ነበረች” አለች።

ሦስቱም ፒካፑ ላይ በአንድ ወንበር ተደርድረው ተነሱ፤ ሾርባው ሮክሳን ጭን ላይ ነበር፣ ሁጌት በቅቤ የሠራችው ሾርባ፣ አሥር ጊዜ ይቅርታ የተጠየቀለት። ነዳጅ ማደያ ሲቆሙ አንድ ነጭ ውሻ ከባለቤቱ መኪና መስኮት ዘሎ መጥቶ ከሹፌሩ በር ሥር ተኛ። ባለቤቱ በአንገቱ ጎትቶ ወሰደው። ትራፊክ መብራቱ ላይ ደግሞ አንዲት ሴትዮ የምታንሸራሽራቸው ሁለት ትንንሽ ውሾች ሴትዮዋን ይዘዋት መንገድ ገቡ። “ውሻ ሰው ያውቃል” አለ ኦቪላ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ። ሁጌት፣ “ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድም አልቀረበህም” አለችው። “ያኔ ፋብሪካ ፋብሪካ እሸት ነበር።” ሮክሳን የሾርባውን ክዳን ይዛ መንገዱን ታይ ነበር። ከፊታቸው የማዘጋጃ ቤቱ የጨው መኪና የዓመቱን የመጀመሪያ ጨው እየበተነ ይሄዳል፤ ማታ የሚዘንበው መንገድ ላይ በረዶ ይሆናል ተብሏል። ኦቪላ ርቀት ለመጠበቅ በሰዓት ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ወረደ፣ ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ነፋበት። “ይበትን” አለ እየሳቀ። “ዘንድሮስ አያገኘኝም።”

የዤርሜን ቤት ከሐይቁ ዳር ያለች፣ አራት ክፍል ያላት የእንጨት ቤት ናት፤ ምድጃው ከመጠን በላይ ነዶ ሰው ሁሉ ሹራቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይዟል። ዤርሜን ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች፣ አጭርና ሰፊ ሴት ናት። ለልደቷ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሳለች። ካፒቴን የሚባል አጭር እግር ያለው ወፍራም ውሻ አላት፤ ከምድጃው ሥር ተነስቶ አያውቅም ይባላል። ኦቪላ ሲገባ ካፒቴን ተነሳ፣ እጁን አሸተተ፣ ከዚያም ሳይቸኩል በተከፈተው በር ወጣ። ማንም ልብ አላለውም፤ ምክንያቱም ሁጌት ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ “ይቺ ልጅ ዛሬ ጠዋት ግማሽ ኪሎ የአሳማ ስብ በዳቦ በላች” ብላ አስታውቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሮክሳን መቆጣጠር አልቻለችም። ወንበር ተለቀቀላት፣ ያውም ከምድጃው ራቅ ያለው ጥሩ ወንበር። ዤርሜን በጨው የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ በሳህን አምጥታ ፊቷ አስቀመጠች፣ “ለአንቺ ብቻ ነው” አለቻት። አንድ የአጎት ልጅ ሴት ልጁን ጠርቶ፣ “እያት፣ ሰው እንዲህ ነው የሚበላው” አላት። ሮክሳን በዚያ ሁሉ የአውቶቡስ ጉዞ ምን ብዬ አወራቸዋለሁ ብላ ስትጨነቅ ነበር የመጣችው፤ አሁን ምንም ማውራት አላስፈለጋትም፣ ማኘክ ብቻ ነው። ወደዷት። ያልወደደቻት ናዲን ብቻ ናት። ከሆስፒታል ፈረቃዋ በቀጥታ የመጣች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ረጅም ሴት፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተነስታ መጣችና የሮክሳንን እጅ አንስታ የደም ምቷን ቆጠረች። “ግማሽ ኪሎ?” አለች። “ደረትሽን አይከብድሽም?” “አይከብደኝም።” “ግራ እጅሽ አይደነዝዝም?” “ተያት እንጂ፣ ልጅቷ ትብላበት” አለች ዤርሜን። ናዲን እጇን ለቀቀቻት፣ ዓይኗን ግን አልለቀቀችም።

በመስኮቱ በኩል ፒካፑ ይታያል። ከሥሩ የካፒቴን የኋላ እግሮችና ጅራት ወጥተው ይወዛወዛሉ። ቆይቶ ከጎረቤት ሁለተኛ ጅራት ተጨመረ። ሮክሳን ሳህኗን አስቀምጣ ልትነሳ ስትል ሁለተኛ ሳህን መጣ። እንደገና ልትነሳ ስትል ኬኩ ገባና ሁሉም መዘመር ጀመረ፤ መዝሙር መሃል የሚነሳ እንግዳ የለም። አጠገቧ የተቀመጠው ኦቪላ ጥር ሲገባ ጎጆውን የት እንደሚተክል በሹካው ጠረጴዛ ልብሱ ላይ እየሣለ ያሳያት ነበር። “አንቺም ትመጫለሽ” አላት። “ዝም የሚል ሰው ነው ዓሣ የሚይዘው።” ሮክሳን እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል የቀረበችበትና ይህን ያህል የከበዳት ሰዓት አልነበረም። ከብርጭቆዋ ውሃ ጠጣች።

ሳይጨልም፣ መንገዱ በረዶ ሳይሠራ ለመድረስ ብለው በዘጠኝ ሰዓት ተነሱ። ሰዉ ሁሉ ሊሸኝ ደጅ ወጣ። ኦቪላ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ፤ ፒካፑ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዶ አንዴ አስነጠሰና ቆመ። የቤንዚን ሽታ መጣ። ከመኪናው ሥር ካፒቴን ወጣ፣ በአፉ የተቦጫጨቀ ከመነዳሪ ይዟል፤ ጢሙ ያብለጨልጫል። ኦቪላ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አየ። ከመነዳሪው የለም፣ ቱቦውን የሚይዘው የፕላስቲክ ቀለበት ታኝኮ ጠፍቷል፣ ቱቦው ከፊልትሮው ወጥቶ ኮረቱ ላይ ያንጠባጥባል። ፊልትሮው ራሱ ከመቼውም ይልቅ ያበራ ነበር፤ ተልሶ ነው። ኦቪላ እንደ አገሩ ሰው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ እየተሳደበ መጀመሪያ ጽዋውን ጠራ፣ ከዚያ ታቦቱን፣ ከዚያ ሁጌት፣ “ልደት ነው” አለችውና አቆመ።

ናዲን እጇን ዘረጋች። ኦቪላ ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አየው።

“እኔ ነኝ” አለች ሮክሳን። ድምፁ ከእሷ መውጣቱን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲዞር ነው። “ጠዋት የበላሁት የአሳማ ስቡን አይደለም። የፊልትሮውን ቅባት ነው የበላሁት። እሳቸው ሌላውን ዕቃ አንስተው የቀቡት ደግሞ የእርስዎን ስብ ነው፣ እማማ። ጨው ያለበትን። እዚያው ቀምሼ አውቄያለሁ፤ አልተናገርኩም። ውሾቹም የመጡት በዚያ ነው።”

ካፒቴን ከመነዳሪውን ማኘኩን ቀጠለ። መጀመሪያ የተናገረችው ሁጌት ናት። “ታዲያ ስቡን አልበላሽውም?” አለች፣ በእውነት ከፍቷት። ኦቪላ ደግሞ፣ “ከበግ ሱፍ የወጣ ቅባት ነው እኮ። ንጹሕ ነው” አለ፤ ለማን እንደሚከላከል አልታወቀም። “ሁለት ማንኪያ ነበር።” “ጠርጌ ነው የበላሁት” አለች ሮክሳን። ዤርሜን አጥሩን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ሌላውም ተከተላት። ናዲን ግን አልሳቀችም። “ውሻም ይሁን ጨው” አለች፣ “መኪናው ቆሟል። ቃል ቃል ነው፣ አባዬ።” ኦቪላ አልተከራከረም። ቁልፉን እጇ ላይ አደረገላት፣ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ሳበ። ሳቁ ወዲያው ቆመ።

“ካርቶን አምጡልኝ” አለች ዤርሜን። “ካቻቢቴም። የኬኩንም ትሪ።” በልደት ቀሚሷ ካርቶኑ ላይ ተንበርክካ፣ ከዚያ በጎኗ ተኝታ ገባች፤ ከውጭ የቀረው ጫማዋ ብቻ ነው። ሮክሳን ባትሪ ተቀብላ ገባች፣ ዝም ብላ አበራች። ዤርሜን ፊልትሮውን ከማሰሪያው አውጥታ ይዛው ወጣች፤ ሁሉም በከበባት መሃል ትሪው ላይ ደፋችው። የወጣው ቤንዚን ሳይሆን ጥቁር ጭቃ ነበር፣ እየተንጠለጠለ፣ እየተንከባለለ።

“መቼ ነው የቀየርከው?” አለችው።

“ለምን እቀይረዋለሁ?” አለ ኦቪላ። “እዪው እንጂ። አዲስ ነው።”

“በውጭ በኩል አዲስ ነው። ይሄ እኮ ማጣሪያ ነው፣ የሳሎን ጌጥ አይደለም። ለአውቶቡሴ በየዓመቱ ነበር የምቀይርላት። አንተ ያለ ሥራው አሥራ አንድ ዓመት አስታመምከው።” ጣቷን ጭቃው ውስጥ ነክራ ለናዲን አሳየቻት። “ድልድዩ ላይ ያቆመው ይሄ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ቤንዚን ነው ያላገኘው። የሃያ ዶላር ዕቃ ነው።” ናዲን ትሪውን ተቀብላ እንደ ሆስፒታል ናሙና ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ አየችው። አባቷንም አየችው። ቁልፉን ግን ኪሷ ከተተችው።

ሁሉም በናዲን ትንሽ መኪና ተጨናንቀው ተመለሱ። ኦቪላና ሮክሳን ከኋላ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ኦቪላ መስኮቱን እያየ፣ “ጣዕሙ እንዴት ነው?” አላት። ሮክሳን አሰበችበት። “እርጥብ ካፖርት ይመስላል።” “የንብ ሰም ጨምሬበት ነበር።” “አዎ” አለች፣ “እሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።” ከፊት የተቀመጠችው ሁጌት ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ ናዲን የፊቱን መስታወት በመስታወት መጥረጊያው ጠረገች፣ ዝናብ ግን አልነበረም።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት፣ ከሮክሳን አውቶቡስ በፊት፣ ናዲን አባቷን የመለዋወጫ ሱቅ ወሰደችው። ኦቪላ አሥራ ስምንት ዶላር ከፍሎ አዲስ ፊልትሮና ሁለት የፕላስቲክ ቀለበት ገዛ፤ ፒካፑ ባደረበት በዤርሜን ደጅ ማሰሪያውንና ሻንሲውን ጨዉ እስኪለቅ በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሮክሳን እያበራች ገጠመው። ከዚያ ናዲን ራሷ ገብታ ቁልፉን አዞረች። በመጀመሪያው ተነሳ። ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደችና በሩን ለአባቷ ክፍት ተወችለት።